ለኦ ኔጋቲቭ ታካሚ ከቀዶ ሕክምና በፊት ደም እንዴት ይዘጋጃል?

እህቴ ማዮማ (የማህፀን ዕጢ) ነበረባት፣ ደሟ ደግሞ ኦ ኔጋቲቭ ነው። «ሁለት ዩኒት (ሁለት ከረጢት) ደም ይዘጋጅ» ስንባል ቀላል መስሎን ነበር። ዘመድ መቼ ጠፋ! ቀዶ ሕክምናው ግን ሁለቴ ተራዘመ። አንዱ በእኔ ጥፋት ነው።

1. የደም ዓይነቷን እንደገና አስመርምሩ። የድሮ ካርድና «እናቴ ነግራኛለች» አይበቃም። ከዚህ በፊት ደም ወስዳ ወይም አርግዛ ከነበረ የአንቲቦዲ (ሰውነት የሌላ ሰው ደምን ለመዋጋት የሚያመርተው ነገር) ምርመራም ጠይቁ። አንቲቦዲ ካለ የደም ዓይነቱ ገጥሞም ላይስማማት ይችላል። ይሄ በዋዜማው ሲታወቅ ያስለቅሳል።

2. የሄሞግሎቢን (በቀይ ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው) መጠኗን እዩ። ማዮማ ያለባት ሴት ብዙ ደም ስለሚፈሳት የራሷ ደም አስቀድሞ ያንሳል። አይረን (ደም ለመሥራት የሚረዳ የብረት ማዕድን መድኃኒት) ከሳምንታት በፊት ከተጀመረ ምናልባት የሰው ደም ጭራሽ ላያስፈልጋት ይችላል። ጊዜ ካጠረ በደም ሥር የሚሰጥም አለ፤ ሐኪሟን ጠይቁ። ኪኒኑን በቡና ወይም በሻይ አትዋጡት፣ ሥራውን ይቀንሱበታል። እኛ ቤት ለሁለት ሳምንት በቡና ነበር የሚዋጠው።

3. ለጋሽ ፈልጉ። ኦ ኔጋቲቭ የሚቀበለው ከኦ ኔጋቲቭ ብቻ ነው። ኤ ኔጋቲቭ ከኤ ኔጋቲቭና ከኦ ኔጋቲቭ፣ ኤቢ ኔጋቲቭ ደግሞ ከኔጋቲቮቹ ሁሉ ይቀበላል። እኛ አገር ኔጋቲቭ የሆነው ከመቶ ሰው አስር እንኳን አይሞላም። ቴሌግራም ላይ መለጠፍ ይረዳል፤ ግን «ኦ ፖዘቲቭ ነኝ፣ ልምጣ?» ለሚል ስልክ ተዘጋጁ። በገንዘብ «እናመጣለን» የሚሉ ደላሎችን አትጠጉ። ለጋሹ የቅርብ ዘመድ ከሆነ ዝምድናውን ለላብራቶሪው ተናገሩ፤ የዘመድ ደም በቀጥታ ሲሰጥ አልፎ አልፎ የራሱ የሆነ ከባድ ችግር አለው። ገና ለምትወልድ ሴትም የባሏ ደም አይመረጥም።

4. ለጋሾቹን በተራ አሰልፉ። የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ስምንት ሰው ሰብስቤ በቀዶ ሕክምናው ዕለት ጠዋት ይዤ ሄድኩ። ኦ ኔጋቲቭ ሆኖ የተገኘው አንድ ብቻ! የእሱም ደም ቢሆን ለኤች አይ ቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ለቂጥኝ መመርመር አለበት። በሰዓታት ውስጥ አልደረሰም። ቀዶ ሕክምናው ተሰረዘ።

ለሁለተኛው ቀጠሮ «አሁንስ አልሞኝም» ብዬ ሦስት ትክክለኛ ለጋሾች አገኘሁ። ሦስቱንም በአንድ ቀን አስለገስኳቸው። በማግስቱ ተደወለልን፤ የማደንዘዣ ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ቀጠሮው ተራዝሟል። በዚያው ሰሞን ደሙ ለምትወልድ እናት ተሰጠ። አልከፋኝም፣ ለሰው ነው የተሰጠው። ግን ለጋሾቼ ቀጥለው ለመስጠት ሦስት ወር መጠበቅ ነበረባቸው። እንደገና ከዜሮ ጀመርኩ።

ስለዚህ ለሁለት ዩኒት አራት አምስት የተረጋገጡ ሰዎች ያዙ። ቀኑ መጽናቱን ከዋርዱ አጣሩ፣ ከዚያ ሁለቱ ሰዎች አንድ ሳምንት ሲቀረው ይስጡ። ሌሎቹ ስልካቸውን ሳያጠፉ ይጠብቁ። ቀይ ደም እንደ ማቆያው ፈሳሽ ዓይነት 35 ወይም 42 ቀን ስለሚቆይ ሳምንት ምንም አይጎዳውም። በስሟ ተይዞ ይቀመጥ እንደሆነ ግን ደም ባንኩን በግልጽ ጠይቁ።

5. ሐኪሙን ሁለት ነገር ጠይቁ። ደም መፍሰስ የሚቀንሰው ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባለው መድኃኒት ይሰጣት ይሆን? ኔጋቲቭ ቢጠፋስ ምን ታስቧል? ሕይወት ለማትረፍ ፖዘቲቭ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ገና ለምትወልድ ሴት ግን ሰውነቷ አንቲቦዲ ሊያመርት፣ በኋላ ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል። ይህ ውሳኔ የሐኪሙ ነው፤ ቀድማችሁ ብትነጋገሩበት ግን ይሻላል።

6. በዕለቱ ከረጢቱ ላይ ያለውን ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ የደም ዓይነትና የሚያበቃበትን ቀን ከነርሷ ጋር አብራችሁ አንብቡ። ደሙን ከባንክ አምጡ ከተባላችሁ በማቀዝቀዣ ሳጥን ያዙት። ፀሐይ ላይ ወይም ሙቅ ውሃ ውስጥ አድርጎ «ማሞቅ» የሚባል ነገር የለም። ከፍሪጅ ከወጣ በ30 ደቂቃ ውስጥ መጀመር፣ በ4 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። ብርድ ብርድ ካላት፣ ካተኮሳት ወይም ወገቧን ካመማት ወዲያው ነርስ ጥሩ። «ይለፍላት እስኪ» ብላችሁ አትጠብቁ።