የፀሐይን ስፋት በመርፌ ቀዳዳ እንዴት መለካት ይቻላል?

ፀሐይን ለመለካት ቴሌስኮፕ አያስፈልግም። ሰፋ ያለ ካርቶን፣ የአሉሚኒየም ፎይል፣ መርፌ፣ ነጭ ወረቀት፣ ማስመሪያና ረጅም ሜትር ይበቃሉ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው የምስሉን ጠርዝ በትክክል መያዝ ነው።

ከሁሉ በፊት፦ በቀዳዳው አሾልቃችሁ ፀሐይን በፍጹም አትመልከቱ። ጀርባችሁን ለፀሐይ ስጡ፤ ዓይናችሁ ወረቀቱ ላይ ብቻ ይሁን። ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ሽፋን (ሬቲና) ሲቃጠል አያምም፤ ጉዳቱ የሚታወቀው ከደረሰ በኋላ ነው። ተራ የፀሐይ መነጽርም አያድንም።

ካርቶኑ መሐል ላይ ትንሽ መስኮት ቁረጡና ፎይሉን ሳይጨማደድ ለጥፉበት። ከዚያ ፎይሉን በመርፌ ጫፍ ብቻ ብሱት፤ ቀዳዳው ከ1 ሚሊ ሜትር አይብለጥ። ፎይሉን ትቶ ካርቶኑን ራሱን መብሳት ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል፤ ግን የቀዳዳው ጠርዝ ስለሚቦጫጨቅ አልመክረውም።

ካርቶኑን ወደ ፀሐይ አዙራችሁ ጥላው ውስጥ ነጩን ወረቀት ያዙ። የምታዩት ክብ ብርሃን የፀሐይ ምስል ነው እንጂ የቀዳዳው ቅርጽ አይደለም። ቀዳዳውን ባለ ሦስት ማዕዘን ብታደርጉት እንኳ ወረቀቱ በቂ ርቀት ላይ እስካለ ድረስ ምስሉ ክብ ይሆናል። ከዛፍ ሥር በቅጠሎች መሐል ሾልከው መሬት ላይ የሚያርፉት ክብ ብርሃኖችም እንዲሁ የፀሐይ ምስሎች ናቸው፤ በከፊል ግርዶሽ ጊዜ ሁሉም እንደ ማጭድ ይቆለመማሉ።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል። ወረቀቱ ከቀዳዳው 1 ሜትር ሲርቅ የምስሉ ስፋት 9.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ይሁን እንጂ ቀዳዳው የራሱ ስፋት ስላለው የምስሉ ጠርዝ ይደበዝዛል። ቀዳዳው 1 ሚሊ ሜትር ከሆነ ብርሃኑ እስከሚጠፋበት ድረስ የለካ ተማሪ 10.3 ያገኛል፤ ፀሐይንም ከ10 በመቶ በላይ ያሳብጣታል። ብዙዎች መፍትሔው ቀዳዳውን ማጥበብ ይመስላቸዋል፤ ያን ጊዜ ግን ምስሉ እየፈዘዘ ጠርዙ ጭራሽ አይለይም። የሚሻለው ርቀቱን መጨመር ነው። ምስሉ ከርቀቱ ጋር እኩል ሲያድግ ድብዛዜው ግን ባለበት ይቆያል፤ በ2 ሜትር ላይ ስህተቱ በግማሽ ይቀንሳል።

ምስሉ ላይ ማስመሪያ አስደግፎ መለካትም አይሠራም። መሬት ስለምትሽከረከር ፀሐይ በሁለት ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ ውስጥ የራሷን ስፋት ያህል ትጓዛለች፤ ምስሉም በዚያው ልክ ከማስመሪያው ሥር ይሸሻል። ስለዚህ ነገሩን ገልብጡት፦ ስፋቱን አስቀድማችሁ ወስኑና ርቀቱን ፈልጉ። ወረቀቱ ላይ በ20 ሚሊ ሜትር የተራራቁ ሁለት ትይዩ ቀጭን መስመሮች አስምሩ። መስመሮቹን ምስሉ በሚጓዝበት አቅጣጫ አስተካክሏቸው፤ ያኔ ምስሉ በመሐላቸው ስለሚሄድ ጊዜ ታገኛላችሁ። የደበዘዘው ጠርዝ ጭምር በመስመሮቹ መሐል ልክ እስኪገጥም ወረቀቱን አቅርቡ፣ አርቁ። ምስሉ ከሞለለ ወረቀቱ ዘሟል ማለት ነው፤ ብርሃኑ ቀጥ ብሎ እንዲያርፍበት አቅኑት። ካርቶኑን ወንበር ላይ ማሰር በእጅ ከመያዝ በብዙ ይሻላል።

ከቀዳዳው እስከ ወረቀቱ ያለውን ርቀት ለኩ። ከ20 ሚሊ ሜትሩም ላይ የቀዳዳውን ስፋት ቀንሱ። ለምሳሌ ቀዳዳው 1 ሚሊ ሜትር፣ ርቀቱ 2,050 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ 19ን ለ2,050 አካፍሉና ከመሬት እስከ ፀሐይ ባለው ርቀት፣ ማለትም በ149.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር አባዙ፤ ወደ 1,387,000 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ትክክለኛው የፀሐይ ዲያሜትር 1.39 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የመሬትን 109 እጥፍ። ስሌቱ የሚሠራው ከፀሐይ ሁለት ዳርቻ ተነሥተው ቀዳዳው ላይ የሚተላለፉት ጨረሮች ከወዲህና ከወዲያ ተመሳሳይ ጎነ ሦስቶች ስለሚፈጥሩ ነው።

ልብ በሉ፣ ቀዳዳው የሚሰጣችሁ የፀሐይ ስፋት ከርቀቷ ጋር ያለውን ምጥጥን ብቻ ነው፤ የፀሐይ ርቀት ከሌላ መምጣት አለበት። የጥንቱ ግሪካዊ የሥነ ፈለክ ሊቅ የሳሞሱ አርስጥሮኮስ ፀሐይ ከሰማይ ላይ ግማሽ ዲግሪ እንደምትይዝ ከ2,200 ዓመት በፊት ያውቅ ነበር። ርቀቷ ግን ለእውነት የቀረበው በ1761 እና በ1769 እ.ኤ.አ. ፕላኔቷ ቬነስ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ከተለያዩ የዓለም ክፍሎች ከተለካ በኋላ ነው።

149.6 ሚሊዮን አማካይ ቁጥር ነው። መሬት ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ወደ 147.1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ትቀርባለች፤ ሰኔ መጨረሻ ላይ እስከ 152.1 ትርቃለች። ስለዚህ ፎይሉንና ባለ መስመሩን ወረቀት አትጣሏቸው። በሁለቱም ወቅት በዚያው ቀዳዳ ብትለኩ፣ ሰኔ ላይ ምስሉ መስመሮቹን እንዲሞላ ወረቀቱን 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ማራቅ ይኖርባችኋል።