የሕንፃን ዋና የኤሌክትሪክ መግቢያ በሶፍትዌር ስትወስኑ

በሬቪት (የሕንፃ ንድፍ ማዘጋጃ ሶፍትዌር) የመኖሪያ ሕንፃ የኤሌክትሪክ ንድፍ የምታዘጋጁ ባለሙያዎች፣ የዋናውን ብሬከርና የመግቢያውን ኬብል መጠን ከመወሰናችሁ በፊት እያንዳንዱን ጭነት መብራት፣ ሶኬት፣ ምድጃ ወይም ሞተር ብላችሁ መድቡና ዲማንድ ፋክተሩን (ከተገጠመው ጭነት በአንድ ጊዜ የሚሠራውን ድርሻ) ራሳችሁ አስገቡ፤ ዲማንድ ፋክተሩ 1 ሆኖ የቀረ ጭነት ሁሉ በሙሉ አቅሙ ይደመራልና። ለምሳሌ የተገጠመው ጭነት 80 ኪሎዋት፣ ፓወር ፋክተሩ (ከመስመሩ ከሚወሰደው ኃይል በትክክል ሥራ ላይ የሚውለው ድርሻ) 0.85 ቢሆን፣ በ380 ቮልት ባለሦስት ፌዝ መስመር 143 አምፔር ያህል ስለሚወጣ ባለ160 አምፔር ብሬከር ያስፈልጋል፤ በአንድ ጊዜ የሚሠራው ግማሹ ብቻ ከሆነ ግን 72 አምፔር ገደማ ስለሚሆን ባለ80ው ይበቃል፤ ኬብሉም ይቀጥናል፤ ይህም ለባለቤቱ ቀላል ቁጠባ አይደለም።

እዚህ ጅማ እንደሚገኙት የቡና መቀሸሪያና የእህል ወፍጮ ላሉ ቤቶች ግን ሞተሮቹ አብረው ስለሚሠሩ ይህን ቅነሳ ፈጽሞ አትጠቀሙ። ሕንፃው ከኤሌክትሪክ ምሰሶው የራቀ ከሆነም የቮልቴጅ መውረዱን ለብቻው አስሉ።