በጨነቅ ሁለት ሌሊት፦ ዋልያን፣ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን ለመከታተል በሰሜን ተራሮች ስለ ማደር

ጎንደር ከተማ የምንኖር ሰዎች ስለ ሰሜን ተራሮች ብዙ እናወራለን፤ ከደባርቅ አልፎ ተራራው ላይ ያደረው ግን ጥቂት ነው። የሄደውም አብዛኛውን ጊዜ ማለዳ በመኪና ወጥቶ፣ ሜዳው ላይ ያገኘውን የጭላዳ መንጋ አይቶ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ በዚያው ቀን ይመለሳል። እንዲህ ያለው ጉዞ ገደሉን ያሳያል፤ ዋልያና ቀይ ቀበሮ በደንብ የሚታዩት ግን የቀን ጎብኚ ገና መንገድ ላይ ባለበት ወይም ለመመለስ በተሳፈረበት ሰዓት ነው። ስለዚህ የእኔ ምክር ሳንቃበርን፣ ግጭንና ጨነቅን በሦስት ቀን ሮጦ ከመጨረስ ይልቅ በአንዱ ካምፕ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ማደር ነው። ጊዜዎ አጭር ከሆነ ጨነቅን ይምረጡ፤ ወደ መካነ ብርሃን የሚወስደው የመኪና መንገድ በካምፑ አጠገብ ስለሚያልፍ የእግር ጉዞው ኃይልዎን አይጨርስብዎትም፣ ዋልያም በአካባቢው ካሉት ገደሎች አይርቅም።

ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ስለሚበረታና ጉሙ ገደሉን ስለሚሸፍነው በዚያ ወቅት መሄድ ለእንስሳት ፍለጋ ብዙም አይጠቅምም። ጥቅምትና ኅዳር ከሁሉ የተሻሉ ናቸው፤ ሣሩ ገና አረንጓዴ ነው፣ አየሩም ጠርቶ እስከ ሩቅ ያሳያል። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሰማዩ ብናኝ ቢበዛበትም የዋልያ የእርባታ ወቅት ስለሆነ ወንዶቹ በቀንዳቸው ሲጋጩ የማየት ዕድል አለ፤ እኔ ለዚህ ስል ብናኙን እታገሣለሁ።

ከጎንደር እስከ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከመነሣትዎ በፊት የመንገዱን ጸጥታና የፓርኩን ሁኔታ ደባርቅ ለሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደውለው ይጠይቁ፤ የሰሞኑን ወሬ ከሻይ ቤት መስማት አይበቃም። የመግቢያ ክፍያው የሚፈጸመው፣ መሣሪያ የያዘው ስካውትም የሚመደብልዎ እዚያው ነው፤ ያለ ስካውት ወደ ፓርኩ መግባት አይፈቀድም። አስጎብኚ፣ ምግብ አብሳይና በቅሎ ከነነጂው የሚያዙትም በዚያው ከተማ ነው። ስካውቱን እንደ ዘብ ብቻ የሚቆጥሩት ሰዎች ብዙ ይቀርባቸዋል፤ በአካባቢው ያደገ ሰው በመሆኑ ትናንት ዋልያ የት እንደዋለ፣ ቀበሮ በየትኛው ሜዳ እንደታየ ከመጽሐፍ የማይገኘውን ያውቃል። ከምግብዎ ያካፍሉት፤ በዕድሜ የገፋ ከሆነም «ጋሼ» ብለው በአክብሮት ይጠይቁት። ወሬው የሚመጣው ከእራት በኋላ እሳት ዳር ነው።

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር፣ ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ፣ ጨነቅ ደግሞ ከ3,600 ሜትር በላይ ናቸው። ደገኛ ነኝ ብሎ መተማመን አያዋጣም፤ የጎንደር ሰውም ጨነቅ ላይ ራሱን ያመዋል። የመጀመሪያዋን ሌሊት ደባርቅ ወይም ሳንቃበር ማደር፣ ውኃ ደጋግሞ መጠጣትና በመጀመሪያው ቀን ዳገት አለመሮጥ ብዙውን ችግር ያስቀራል። ራስ ምታቱ ከማስታወክ ወይም ከመንገዳገድ ጋር ከመጣ እስኪነጋ ሳይጠብቁ ወደ ዝቅተኛ ቦታ መውረድ ያስፈልጋል። ጾም ከሆነም ቀኑን ሙሉ ሳይቀምሱ ዳገት መውጣት ከባድ መሆኑን አስቀድመው ያስቡበት።

ስንቅን በተመለከተ ከቅዳሜ ገበያ የሚሸመተው በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሽሮና ድርቆሽ ከማንኛውም የታሸገ ምግብ የተሻለ ነው፤ አይበላሽም፣ ክብደቱም ለበቅሎ ቀላል ነው። ማብሰያው የጋዝ ምድጃ ይሁን፤ አስታ ቆርጦ ማንደድ ክልክል ነው፣ ዛፉም በዚያ ብርድ ቶሎ አይተካም። የምንጭ ውኃ ይፈላ። ለመኝታ ወፍራም የመኝታ ከረጢትና ከሥር የሚነጠፍ ፍራሽ ያስፈልጋሉ፤ ጋቢ ለእሳት ዳር ነው እንጂ ለድንኳን ብቻውን አይበቃም። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሄድ ነፋስ የማይደርስበት መስሎኝ ድንኳኔን ጎድጓዳ ሥፍራ ላይ ተክዬ ነበር፤ ቀዝቃዛ አየር ሌሊት እንደ ውኃ ወደ ዝቅታው የሚፈስ መሆኑን የተረዳሁት ጠዋት የድንኳኑ ጨርቅ በበረዶ ደርቆ አላጠፍ ሲለኝ ነው። ከጉድጓዱ ትንሽ ከፍ ያለ፣ ከገደሉ ጠርዝ ግን የራቀ፣ የጠዋት ፀሐይ ቶሎ የምታገኘው ሥፍራ ይምረጡ። ምግብ ድንኳን ውስጥ አያሳድሩ፤ በቀን ቁራው፣ በሌሊት ጅቡ ይሸቱታል።

ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። እንስሳ መከታተል ማለት ብዙዎች እንደሚያስቡት ኮቴ ተከትሎ መገስገስ አይደለም፤ በዚህ ተራራ ላይ እንስሳው ራሱ ወደሚመጣበት ቦታ ቀድሞ ደርሶ መቀመጥ ነው። ለዚህም መጀመሪያ ማወቅ የሚገባው ነፋሱን ነው። ጠዋት ፀሐይ ገደሉን ስታሞቀው አየሩ ከታች ወደ ላይ ይወጣል፤ ስለዚህ ጠርዙ ላይ የተቀመጠ ሰው ሽታ ከታች ላለው ዋልያ አይደርስም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን አየሩ ይቀዘቅዝና ቁልቁል ይወርዳል፤ የእርስዎንም ሽታ ይዞ ይወርዳል። በዚህ ምክንያት ጠዋት ከጠርዙ ቁልቁል መመልከት፣ ማታ ደግሞ ወደ ጎን ራቅ ብሎ ከሌላ አፋፍ መመልከት ይሻላል።

ዋልያ በዓለም ላይ ከሰሜን ተራሮች በቀር በዱር የሚገኝበት ቦታ የለም። ማልዶ ሣር ያለበት የገደል እርከን ላይ ይሰማራል፤ ፀሐይ ሲበረታ ጥላ ፈልጎ ይተኛል። አቅርቦ ማያ መነጽርዎን ገደሉ ላይ ዝም ብለው አያንከራትቱ፤ አንዱን እርከን ከግራ ወደ ቀኝ ጨርሰው ወደሚቀጥለው ይውረዱ፤ የሚፈልጉትም ሙሉ እንስሳ ሳይሆን የቀንድ ቆልማማ መስመር ወይም የሚንቀሳቀስ ጆሮ ይሁን። የአዋቂው ወንድ ቀንድ ከአንድ ሜትር ሊበልጥ ስለሚችል ከሩቅ ያጋልጠዋል። በጠጡ ከፍየል በጠጥ ጋር በጣም ስለሚመሳሰል መለየት የሚቻለው በቦታው ነው፦ እረኛ በማይደርስበት ጠባብ እርከን ላይ እርጥብና የሚያብረቀርቅ በጠጥ ካዩ ዋልያው ሩቅ አይደለም።

ጭላዳን ማግኘት ቀላል ነው፤ ማየት የሚያስቸግረው መቼ እንደሚመጣ ለማያውቅ ነው። ሌሊቱን ገደሉ ላይ ያድራል፤ ፀሐይ ሲሞቅ መንጋው ወደ ሜዳው ይወጣል። ጠርዙ አጠገብ ቀድመው ቢቀመጡ በዙሪያዎ ሣር እየነጨ ያልፋል። የተነጨ ሣርና በጣት የተቆፈረ አፈር መንጋው በቅርብ የዋለበትን ያመለክታሉ። ወንዱ የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ካሳየዎ ሳቅ መስሎዎት አይጠጉ፤ ማስፈራራት ነው። ምግብ መስጠት በፍጹም አይገባም። መንጋው ባንድ ጊዜ ጮኾ ወደ ገደሉ ከሮጠ ዓይንዎን ከጭላዳው አንሥተው ሸሽቶ ወደመጣበት አቅጣጫ ያዙሩ፤ ነብር ሊኖር ይችላል።

ከሁሉ ትዕግሥት የሚጠይቀው ቀይ ቀበሮ ነው። በዓለም ላይ የቀረው 500 ያህል ብቻ እንደሆነ ይገመታል፤ አብዛኛውም በባሌ ነው፤ ሰሜን ላይ ያለው በጥቂት አሥሮች የሚቆጠር ነው። በመንጋ ቢኖርም የሚያድነው ለብቻው ነው፣ የሚያድነውም አይጥ ነው፤ ስለዚህ ቀበሮውን ሳይሆን አይጡን ይፈልጉ። በጓሳ ሣርና በጅብራ ተክል መካከል ትኩስ አፈር የወጣባቸው ጉድጓዶችና በሣሩ ሥር የተሹለከለኩ ቀጫጭን መንገዶች ያሉበትን ሜዳ፣ ለምሳሌ የግጭን አምባ ወይም የቧሂትን ተዳፋት፣ ከነፋሱ በታች ሆነው ይጠብቁ። አይጦቹ መሬቱ ሲሞቅ ስለሚወጡ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። በሰሜን ሸዋ በሚገኘው በመንዝ ጓሳ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ ሲያድን 67 በመቶ፣ ለብቻው ሲያድን ግን 25 በመቶ ያህል እንደሚሳካለት አሳይቷል፤ ስለዚህ መንጋ ሲያዩ ዳር ዳሩን መቃኘት አይጎዳም። ከተራ ቀበሮ ጋር እንዳያምታታዎ እግሩ ረጅም፣ አፉ ቀጭን፣ አካሉ የቀላ፣ ጉሮሮውና ደረቱ ነጭ፣ የጭራው ጫፍ ጥቁር መሆኑን ያስተውሉ።

ውሻ ይዞ ወደ ፓርኩ መሄድ ከምንም በላይ የሚያጠፋ ነገር ነው፤ ቀይ ቀበሮን በብዛት የሚፈጀው ከውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። የሞተ ወይም የሚንገዳገድ ቀበሮ ካጋጠመዎ አይንኩት፤ ቦታውንና ሰዓቱን ጽፈው ወዲያውኑ ለስካውትዎ ይንገሩ፣ ደባርቅ ሲመለሱም ለጽሕፈት ቤቱ ራስዎ ያስመዝግቡ።