ስጎው ከፓስታው ላይ መንሸራተቱን እንዴት አስቆምኩት

ለወራት ያው ችግር ነበር። ስጎው ሳህኑ ሥር ይተኛል፣ ፓስታው ላዩ ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ስጎውን አወፈርኩት፣ ድልህ ጨመርኩ፤ ለውጥ የለም። ለካ ጥፋቱ የፓስታው ነው።

ደረቅ ፓስታ ቅርጹን የሚይዘው ሊጡ በቀዳዳ ተገፍቶ ሲወጣ ነው። ቀዳዳው ቴፍሎን (የማያጣብቅ መጥበሻ የሚለበጥበት ነገር) ከሆነ ፓስታው ልሙጥ ይሆናል፤ ስጎ ያንሸራትታል። ነሐስ ከሆነ ግን ሻካራ ይሆናል፤ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ስጎ የሚጣበቀው እዚያ ላይ ነው።

አሁን ሱቅ ስገባ እሽጉን ወደ ብርሃን አዞራለሁ። ደማቅ ቢጫና የሚያብረቀርቅ ከሆነ እመልሰዋለሁ። ፈዘዝ ያለውን፣ ላዩ ደብዛዛ የሆነውን አነሳለሁ። የጣሊያን ከሆነ «ትራፊላታ አል ብሮንዞ» የሚል ጽሑፍ እፈልጋለሁ፤ በነሐስ የወጣ ማለት ነው። ዱረም ከሚባለው ጠንካራ የስንዴ ዓይነት መሠራቱንም አያለሁ። ፕሮቲኑ በ100 ግራም 13 ወይም 14 ግራም ከሆነ ደስ ይለኛል፣ ሲቀቀል ቶሎ አይላላም። ለስጋ ስጎ መስመር ያለው ሪጋቶኒ፣ ማለትም አጭርና ወፍራም ቱቦ የመሰለውን ፓስታ፣ እመርጣለሁ፤ ክፍተቱ ውስጥ ስጋው ይገባል።

አንድ ልማድም ተውኩ። እኛ ቤት ፓስታ ከተቀቀለ በኋላ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል፣ ዘይትም ይነካዋል። ማጠቡ ስጎውን የሚያጣብቀውን ስታርች ይወስደዋል፤ ዘይቱ ደግሞ ያንሸራትታል። አሁን ሊበስል 2 ደቂቃ ሲቀረው አውጥቼ ስጎው ውስጥ እጨምረዋለሁ፣ ከመቀቀያው ውሃ ግማሽ ጭልፋ አክዬ በእሳት ላይ አማስላለሁ።

ትናንት ሳህኑ ሥር የተረፈ ስጎ አልነበረም።