የተገጣጣሚ ቤት ጉድለት በባሕር ዳር፦ ምልክቱ፣ መንስኤው፣ መፍትሄውና ተጠያቂው

ተገጣጣሚ ቤት አሠርተው የገቡ ሰዎች አቤቱታ ብዙውን ጊዜ ሳይፈታ የሚቀረው ጉድለቱ የማይጠገን ሆኖ ሳይሆን ኃላፊነቱን የሚወስድ ሰው ስለሚጠፋ ነው። ፓነሉን ያመረተው ድርጅት መሠረቱ ሰምጧል ይላል፤ መሠረቱን ያወጣው ግንበኛ የገጠሙት ናቸው ያበላሹት ብሎ ይመልሳል፤ ገጣጣሚው ደግሞ ፓነሉ ከፋብሪካ የመጣው ጠሞ እንደሆነ ይናገራል። ባለቤቱ በሦስቱ መካከል ሲመላለስ ክረምቱ ይገባና ጉዳቱ ይብሳል። ስለዚህ ከዚህ በታች ለሚቀርበው ለእያንዳንዱ ምልክት መንስኤውንና ጥገናውን ብቻ ሳይሆን ምልክቱ ወደ ማን እንደሚያመለክትም አብሬ እጽፋለሁ።

አንድ ነገር አስቀድሞ መባል አለበት። መንስኤው ሳይታወቅና ሳይመዘገብ ስንጥቁን በስቱኮ መሙላት፣ ዝገቱን በቀለም መሸፈን ወይም የሚጣበቀውን በር በመላጊያ መላግ ማስረጃን በገዛ እጅ ማጥፋት ነው።

ግድግዳው ወይም የበሩ እጀታ ሲነዝር

ይህ ከሁሉም ይቀድማል፤ ለነገ የሚባል ጉዳይም አይደለም። ዋናውን ብሬከር አጥፉ፤ ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ እስኪመጣም መልሳችሁ አታብሩ። የብረት ማዕቀፍ ባለው ቤት ውስጥ ሽቦው የፕላስቲክ መከላከያ በሌለው የብረት ቀዳዳ ካለፈ የቀዳዳው ስለት ልባሱን ቀስ በቀስ ይበላውና 220 ቮልት ወደ ግድግዳው ይሻገራል። መፍትሄው የተጎዳውን ሽቦ መቀየር፣ ቀዳዳዎቹን ሁሉ መከላከያ ማልበስ፣ የብረት ማዕቀፉን ከኧርዝ ጋር በአግባቡ ማያያዝና በማከፋፈያ ሳጥኑ ውስጥ ጅረት ሲያፈስ ኃይሉን ወዲያው የሚቆርጥ ባለ 30 ሚሊ አምፔር መከላከያ ማስገባት ነው። ተጠያቂው መስመሩን የዘረጋው ወገን ነው፤ መሠረቱም ሆነ አፈሩ በዚህ ጉዳይ ሊነሳ አይገባም።

በሩ በክረምት ሲጣበቅና በበጋ ሲላላ

በባሕር ዳር ከሚነሱት ቅሬታዎች ሁሉ ብዙ ክርክር የሚያስነሳው ይህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጎ ማየት ይገባል። በጣና ዳርቻ ባለው ሜዳማ መሬት ላይ ብዙ ቦታ የሚገኘው ዋልካ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ደግሞ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። ዝናቡ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይጥላል፤ የሐይቁ ከፍታ ግን ጫፍ የሚደርሰው ዝናቡ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ፣ በመስከረምና በጥቅምት አካባቢ በመሆኑ ለሐይቁ ቅርብ በሆኑ ዝቅተኛ ቦታዎች አፈሩ ዝናቡ ካባራ በኋላም ርሶ ይቆያል።

ተገጣጣሚ ቤት ቀላል ስለሆነ ጠንካራ መሠረት አያስፈልገውም የሚለው አባባል ብዙ ሰው አሳስቷል። በዋልካ ላይ እውነቱ ተቃራኒው ነው። የሚያብጥ አፈር ከባዱን የድንጋይ ቤት ለማንሳት ሲቸገር ቀላሉን የፓነል ቤት ግን በቀላሉ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ የሚገፋውም ሁሉንም ጥግ እኩል ሳይሆን ውሃ የበዛበትን ጥግ ለይቶ ነው። ፓነሉ እንደ ብሎኬት ስለማይሰነጠቅ ችግሩ በመጀመሪያ የሚታየው በበሩና በመጋጠሚያዎቹ ላይ ነው።

ምርመራው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። በመጀመሪያ ውሃ የተሞላ ግልጽ ቱቦ ይዛችሁ የወለሉን አራት ማዕዘኖች ከፍታ አመሳክሩ። ቀጥሎ ቱንቢ አንጠልጥላችሁ የበሩ መቃን ቀጥ ብሎ መቆሙን እዩ። በመጨረሻ የተጠረጠረውን ፓነል ከጥግ እስከ ጥግ በሁለቱም ሰያፍ ለኩ። ወለሉ ከልክ ውጭ ከሆነ መንስኤው መሠረቱ ወይም አፈሩ ነው። ወለሉ ልክ ሆኖ መቃኑ ካዘመመ ጥፋቱ የገጣጣሚው ነው። ወለሉም መቃኑም ልክ ሆነው የፓነሉ ሁለት ሰያፎች እኩል ካልሆኑ ግን ፓነሉ ከፋብሪካ የወጣው ጠሞ ነው። ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ለወራት የሚዘልቀውን መወነጃጀል ሊያስቀር ይችላል።

ከዚህም ሌላ በመጋጠሚያው ግራና ቀኝ በእርሳስ ምልክት አድርጋችሁ በመካከሉ ያለውን ርቀት በሚሊ ሜትር ለኩ፤ ቀኑንም እዚያው ግድግዳው ላይ ጻፉ። ይህን በግንቦት፣ በነሐሴና በጥር ስትደግሙት ክፍተቱ ከወቅቱ ጋር እየሰፋና እየጠበበ ከሄደ ምክንያቱ የአፈሩ እብጠት ነው፤ ወቅት ሳይለይ እየሰፋ ብቻ ከሄደ ደግሞ መሠረቱ በመስመጥ ላይ ነው።

በሽምብጥ አካባቢ ያየሁት አንድ ቤት ጉዳዩን በግልጽ ያሳያል። የጓዳው በር የላይኛው ጥግ መቃኑን እየፋቀ ቀለሙ ተልጦ ብረቱ ያብለጨልጭ ነበር፤ የሌሎቹ በሮች ቀለም ግን ገና አዲስ ነበር። ወደ ውጭ ወጥተን ስናይ የአሸንዳው መውረጃ ቱቦ የሚያበቃው በዚያው በር አጠገብ ካለው ማዕዘን ሥር ነው። የግማሽ ጣሪያው ውሃ አንድ ነጥብ ላይ እየፈሰሰ ያንን ማዕዘን ብቻ ያሳብጠው ነበር። ግንበኛው ሊቆርጠው መጋዝ ያዘጋጀለት በር ምንም ጥፋት አልነበረበትም።

ጥገናው ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ውሃውን ማራቅ፦ የመውረጃ ቱቦውን ማስረዘም፣ ከግድግዳው ጀምሮ ባለው 3 ሜትር ውስጥ መሬቱ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ዝቅ እንዲል ማድረግ፣ ቤቱን ዙሪያውን በአርማታ ንጣፍ መክበብና ቦይ ማውጣት። ቀጥሎ አንድ በጋ መታገሥ፤ አፈሩ ሳይረጋጋ የተስተካከለ ቤት ተመልሶ ይዛባልና። ከዚያ በኋላ የታችኛውን የብረት መቀመጫ በክሪክ አንስቶ በብረት ሰሌዳ ማስተካከልና ክፍተቱን ሲደርቅ በማይኮማተር ግራውት (የሲሚንቶ ድብልቅ) መሙላት። በእንጨት ሽብልቅ የሚደረግ ማስተካከያ ስለሚበሰብስ ተቀባይነት ሊኖረው አይገባም። ከቤቱ አጠገብ የበቀለ ባሕር ዛፍ ካለም አፈሩን በአንድ ወገን እያደረቀ ስለሚያኮማትረው በምርመራው ውስጥ መታየት አለበት። ገና ያልጀመራችሁ ደግሞ ዋልካውን አስቆፍራችሁ አውጡና በሰሌክት አፈር (ውሃ ሲጠጣ በማያብጥ የተመረጠ አፈር) በየንብብሩ እየተጠቀጠቀ እንዲሞላ በውሉ ላይ አስጽፉ።

ከኮርኒሱ ውሃ ሲንጠባጠብ

መጀመሪያ መለየት ያለበት ውሃው ከውጭ የገባ ወይስ ከውስጥ የተፈጠረ መሆኑ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ብሎ ባደረ ሌሊት ማግስት ዝናብ ሳይኖር ጠዋት የሚንጠባጠብ ከሆነ ጣሪያው አላፈሰሰም። የቤቱ እርጥበት በቀዘቀዘው ቆርቆሮ ሥር ወደ ውሃነት ተለውጧል፤ በሐይቅ ዳርቻ ይህ የተለመደ ነው። መፍትሄው ከክዳኑ ሥር የአየር መግቢያና መውጫ መክፈትና ሙቀት መከላከያ ማንጠፍ ሲሆን፣ ጉድለቱ የሚመለከተውም ንድፉን ያወጣውን ወገን ነው።

በዝናብ ጊዜ ብቻ የሚያፈስ ከሆነና በኮርኒሱ ላይ ቡናማ ቀለበት ከታየ ግን አንድ ሰው ጣሪያው ላይ ሆኖ በጎማ ውሃ ያፍስስ፤ ከታችኛው ጠርዝ ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ላይ እየወጣ፣ ሌላው ከውስጥ ሆኖ ይጠብቅ። ከላይ ከተጀመረ ውሃው ሁሉንም ስለሚያርስ ቀዳዳው አይለይም። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ጥፋት ብሎኑ ዘሞ መግባቱ ወይም የብሎኑ ጎሚኒ (የጎማ ቀለበት) ከመጠን በላይ ተጨፍልቆ በፀሐይ መሰንጠቁ ነው። ብሎኑ በወፍራም ብሎንና በአዲስ ጎሚኒ ይቀየራል፤ ሬንጅ መቀባት ለአንድ ክረምት ማስታገሻ እንጂ ጥገና አይደለም። ይህ የገጣጣሚው ኃላፊነት ነው።

የግድግዳው ግርጌ ሲረጥብና ሲዝግ

ዝገቱ የጀመረበትን ቦታ ቀርባችሁ ተመልከቱ። ዝገቱ የላሜራውን የተቆረጠ ጠርዝ ተከትሎ ቀጭን መስመር ከሠራ ላሜራው በሥራው ቦታ በግራይንደር ተቆርጧል ማለት ነው፤ ግራይንደር በሙቀቱ የዚንኩን ልባስ ያቃጥለዋል፣ ፍንጣሪውም ቀለሙ ላይ ተጣብቆ ትናንሽ የዝገት ነጠብጣቦች ይፈጥራል። ከጠርዙ ርቆ በፓነሉ መሐል ቀለሙ እያበጠ ከተላጠ ግን የአምራቹ ጉድለት ነው። በግድግዳው ውስጠኛ ገጽ እርጥበቱ ከወለሉ ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ከአርማታው ሥር ላስቲክ አልተነጠፈም፣ ወይም የውጭው መሬት ከወለሉ እኩል ሆኗል። የውጭው መሬት ከወለሉ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት፤ ብዙ ጊዜ ይህን የሚያበላሸው ባለቤቱ ራሱ በኋላ ያስነጠፈው የግቢ ድንጋይ ስለሆነ ከመክሰስ በፊት ይጣራ።

መጋጠሚያዎቹ ሲሰነጠቁ

ርዝመቱ 6 ሜትር የሆነ የብረት ፓነል ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲለዋወጥ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል ወይም ያጥራል። ይህን እንቅስቃሴ ስቱኮም ሆነ ጂፕሰም አይችለውም። የተሞላው ይውጣና የሚለጠጥና ወደ ነበረበት የሚመለስ ባሕርይ ባለው የመጋጠሚያ ማሸጊያ ይተካ።

አቤቱታው እንዴት ይቅረብ?

በቃል ወይም በስልክ ብቻ የተነገረን ቅሬታ በኋላ ማስረዳት ያስቸግራል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1772 ውል አልተፈጸመም ብሎ መከራከር የሚፈልግ ወገን አስቀድሞ ግዴታውን እንዲፈጽም ለሌላው ማስጠንቀቂያ መስጠት እንዳለበት ይደነግጋል። ስለዚህ ምልክቱን፣ የታየበትን ቀን፣ ልኬቱንና የምትጠይቁትን ጥገና ዘርዝራችሁ በጽሑፍ ስጡ፤ በግልባጩ ላይም አስፈርሙ።

ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት የዚሁ ሕግ አንቀጽ 3039 ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት የሠራ ተቋራጭ ሥራው በአግባቡ ስለመሠራቱና ስለ ጥንካሬው ከርክክቡ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ ነው፤ ጉዳቱ የመጣው ከአሠራር ጉድለት ብቻ ሳይሆን ቤቱ ካረፈበት አፈር ጠባይ ቢሆንም ተጠያቂ ነው። ጊዜውን የሚያሳጥር ወይም ዋስትናውን የሚያስቀር የውል ቃልም አይጸናም። «አፈሩ ዋልካ ስለሆነ እኛን አይመለከተንም» ለሚለው መልስ ከዚህ የተሻለ መልስ የለም። ፓነሉን ከአንዱ ገዝታችሁ በሌላው ካስገጠማችሁ ግን ከሻጩ ጋር ያላችሁ ግንኙነት ሽያጭ ስለሚሆን ጉድለቱን ሳትዘገዩ ማሳወቅ ግዴታችሁ ነው።

አሜሪካ ተገጣጣሚ ቤቶችን ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአንድ የፌዴራል ደረጃ የምታስተዳድር ሲሆን፣ ቤቱ ከተተከለ በአንድ ዓመት ውስጥ ለተነገረ ጉድለት ተጠያቂው አምራቹ፣ ሻጩ ወይስ ተካዩ ነው የሚለውን ክርክር የሚፈታ የራሱ ሥርዓት አለ። እኛ ዘንድ ይህን ሥራ መሥራት ያለበት ውሉ ነው፤ በእኔ እምነት መሠረቱን፣ ፓነሉንና ገጠማውን በአንድ ውል ለአንድ ተቋራጭ መስጠት ዋጋው ቢጨምር እንኳ የሚያዋጣ ነው።

ውላችሁ የተነጣጠለ ከሆነ ሦስቱንም ወገኖች በአንድ ቀን በቤቱ አገናኙ። ልኬቱ በሁሉም ፊት ይወሰድ፤ ከማንኛቸውም ጋር የሥራ ግንኙነት የሌለው መሐንዲስ ይገኝ፤ የታየው ነገር በቃለ ጉባኤ ሰፍሮ ሁሉም ይፈርሙ። መፈረም ያልፈለገ ካለ እምቢ ማለቱ ይጻፍ። በዚህ መልክ ከተያዘ አቤቱታ ብዙው በሽምግልና ያልቃል፤ ባያልቅም ለፍርድ ቤት የሚቀርበው ማስረጃ ተዘጋጅቷል።

ክርክሩ ሳያልቅ ክረምቱ ከደረሰና ጣሪያውን ማስጠገን ግድ ከሆነ ለተቋራጩ በጽሑፍ አሳውቃችሁ፣ ከጥገናው በፊትና በኋላ ፎቶ አንስታችሁ አስጠግኑ። ደረሰኙን ከማስቀመጥ ጋር የወጡትን ብሎኖችና የተሰነጠቁትን ጎሚኒዎች ከየትኛው የጣሪያ ክፍል እንደተነቀሉ ጽፋችሁ በፌስታል አኑሩ፤ መሐንዲሱ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እነሱን ነው።