የክልል ፖለቲከኛን ታሪክ በአማርኛ ለመጻፍ ከየት ይጀመራል?

የፖለቲከኛ የሕይወት ታሪክ ጻፉ ስንባል እጃችን ቀድሞ «ተወለዱ» ላይ ይሄዳል። ተዉት፣ እሱ ይደርሳል። መጀመሪያ ወንበሩን እወቁ።

ማሉ ድራየርን እንውሰድ። ጀርመናዊት ሶሻል ዴሞክራት ናቸው። ከ2013 እስከ 2024 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ራይንላንድ ፋልስን መርተዋል፤ 4 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያለው ክልል ነው፣ ዋና ከተማው ማይንዝ ከፍራንክፈርት በባቡር ቅርብ ነው። እኛ ርዕሰ መስተዳድር የምንለው ሥልጣን መሆኑ ነው። ትምህርት ቤትና ፖሊስ የክልሉ ነው፣ ጦሩና ውጭ ጉዳዩ ግን የበርሊኑ ፌዴራል መንግሥት። ይህን ካልለያችሁ በርሊን ላጠፋችው እሳቸውን ትወቅሳላችሁ። ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ አልመረጣቸውም፤ የመረጣቸው በጊዜው 101 መቀመጫ የነበረው የክልሉ ምክር ቤት ነው።

ቀጥሎ መንገዳቸውን ተከተሉ። ዓቃቤ ሕግ ነበሩ። ከዚያ የባድ ክሮይትስናኽ ከተማ አመራር፣ በ1997 የማይንዝ ማኅበራዊ ጉዳይ፣ በ2002 የክልሉ ሚኒስትር፣ በመጨረሻ ከእሳቸው በፊት ክልሉን የመሩት ኩርት ቤክ ሲለቁ ወንበሩ። ዱብ ብለው አልመጡም። ይሄ በሁለት መስመር ያልቃል፣ አታስረዝሙት።

ቀለማችሁን ለፈተናዎቹ አስቀምጡ። የ2016ቱን ምርጫ ሁሉም ይጽፈዋል፤ ያሸንፋሉ ብሎ የጠበቀ ብዙም ሳይኖር ፓርቲያቸው 36.2 በመቶ አምጥቶ ተቀናቃኞቹን ክርስቲያን ዴሞክራቶች (31.8) ቀደመ። ግን በጁላይ 2021 የአህር ሸለቆ ጎርፍ በክልላቸው ከ130 በላይ ሰው ገደለ፣ ሕዝቡ በጊዜ ለምን አልተነገረውም የሚለው ጥያቄም ለዓመታት አልበረደም፣ የአገር ውስጥ ሚኒስትራቸው ሮገር ሌቬንትስ በ2022 ለቀቁ፣ እሳቸው ግን ቀጠሉ። ድሉን በአንድ ገጽ ጽፎ ጎርፉን በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልፍ ሰው ታሪክ ሳይሆን ውዳሴ ነው የጻፈው።

ሕመማቸውንም አትደብቁ፣ አታስለቅሱበትም። መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባል ነርቭን የሚጎዳ ሕመም እንዳለባቸው በ2006 ራሳቸው ይፋ አድርገዋል። ከመግለጫ ይልቅ ኑሯቸውን አሳዩ፦ ትሪር ከተማ ውስጥ ሻማትዶርፍ የሚባል ሰፈር ነው ቤታቸው፤ ሽማግሌው፣ ወጣቱ፣ አካል ጉዳት ያለበትና የሌለበት ጎረቤት ሆነው እንዲኖሩ ታስቦ የተሠራ። በ2024 አቅሜ ለሥራው አይበቃም ብለው ለአሌክሳንደር ሽዋይትዘር አስረከቡ።

አሁን ወደ አማርኛው። ዓመት ስትቀይሩ ተጠንቀቁ። እኔ አንዴ ከሁሉም ላይ 8 ቀንሼ ጉድ ሆኛለሁ። ከጃንዋሪ እስከ እንቁጣጣሽ 8፣ ከዚያ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7 ነው። ልደታቸው ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1961፣ ጥር 29 ቀን 1953 ይሆናል። የቡንደስራት (ክልሎቹ የሚወከሉበት የፌዴራል ምክር ቤት) ፕሬዚዳንት የሆኑበት ኖቬምበር 2016 ግን 2009 እንጂ 2008 አይደለም።

አንቱታውንም ከመጀመሪያው ወስኑ። «ተወለደች» ብሎ ጀምሮ ሥልጣን ሲይዙ «ሆኑ» ማለት፣ ሰውየዋ በሹመት ያደገች ያስመስላል። አንቱ ካላችሁ ደግሞ ስማቸው ጉድ ይሠራችኋል፣ «ማሉ በጃንዋሪ 2013 ማሉ» ይሆናል። እዚያ ላይ «ድራየር ቃለ መሐላ ፈጸሙ» በሉና እለፉ።