ሶፍት ቶፕ ሰርፍቦርድ እንዴት ይመረጣል? እንዴትስ ይጋለባል?

ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ላይ ካሉት የትንሿ ኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ደጃፍ መኪና ብታስነሱ፣ መንገዱ ካልተጨናነቀ (ካልተጨናነቀ ነው እንግዲህ!) በግማሽ ሰዓት ሳንታ ሞኒካ ውቅያኖሱ ዳር ናችሁ። ግን ስንቶቻችን ነን እግራችንን አርሰን፣ ፎቶ ተነስተን ከመመለስ ያለፍነው?

ሰርፍ፣ ማለትም ቦርድ ላይ ቆሞ ማዕበል መጋለብ፣ ሲነሳ ሁሉም ሰው ማዕበሉን ነው የሚፈራው። ጀማሪን አብዛኛውን ጊዜ የሚመታው ግን የራሱ ቦርድ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ቦርዳችሁ ላዩ ለስላሳ የሆነው ሶፍት ቶፕ ይሁን፤ ሲገዛ ደግሞ ትልቁ ይገዛ። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ እዚችው ላይ ይዞራል።

ደረጃ 1፦ ቦርዱ ከምን እንደተሠራ እወቁ

ሶፍት ቶፕ ሲነኩት ስፖንጅ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ሌላ ነው። መሃሉ ቴሌቪዥን ስትገዙ ካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው ዓይነት ነጭ ፎም ነው። ቀላል ነው፣ በደንብ ይንሳፈፋል፣ ብቻውን ከሆነ ግን ቶሎ ይሰበራል። እንዳይታጠፍ ከአፍንጫው እስከ ጭራው ቀጫጭን የእንጨት ዘንጎች ይገቡበታል፤ ስትሪንገር ይባላሉ። ላዩ ላይ፣ የምትቆሙበት ቦታ፣ ጥቂት ሚሊሜትር የሚሆን ለስላሳ ፎም ይለጠፋል። ታቹ ደግሞ ውሃው ላይ እንዲሄድ ልሙጥ ፕላስቲክ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ቶም ሞሪ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1971 ሃዋይ ውስጥ በሆድ የሚተኙበትን አጭሩን ቡጊ ቦርድ ሠራ፤ በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ከሰርፈሩ ማይክ ዶይል ጋር ሆነው የሚቆሙበትን ለስላሳ ቦርድ አመጡ። ዛሬ ካሊፎርኒያ ባሕር ዳር በየቦታው የምታዩት ዌቭስቶርም፣ ኮስትኮ የተባለው የጅምላ መደብር ለዓመታት በ100 ዶላር ገደማ ይሸጠው የነበረው፣ የዚያው ዘር ነው። ነባሮቹ ሰርፈሮች ይስቁበት ነበር። ታዋቂው ሰርፈር ጄሚ ኦብራየን ሃዋይ ፓይፕላይን ላይ፣ ያንን ሁሉም የሚፈራውን ማዕበል፣ በሶፍት ቶፕ ሲገባበት ሳቁ ቀነስ አለ።

ሱቅ ስትገቡ አፍንጫውንና ጭራውን የሆነ ነገር ላይ አስደግፉና መሃሉን በመዳፋችሁ ቀስ ብላችሁ ተጫኑት። ለጥ ብሎ ከታጠፈ ተዉት፤ እንዲህ ያለ ቦርድ ማዕበሉ የሚሰጣችሁን ግፊት በመተጣጠፍ ይጨርሰዋል። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ ክንፎቹ፣ ከታች በኩል ጭራው ላይ ያሉት፣ የታሰሩበትን ብሎን እዩ። ጭራውን ወደ ታች አድርጋችሁ ትንሽ ያዙት። ከብሎኑ ሥር ውሃ ጠብ ጠብ ካለ ፎሙ ውሃ ጠጥቷል ማለት ነው፤ በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱት።

ደረጃ 2፦ መልኩን ሳይሆን ሊትሩን ግዙ

ብዙ ቦርድ ላይ፣ ወይም የሻጩ መግለጫ ላይ፣ የሊትር ቁጥር አለ። ቦርዱ ምን ያህል እንደሚያንሳፍፋችሁ የሚነግራችሁ እሱ ነው። ለጀማሪ ቢያንስ የኪሎውን ያህል ሊትር፣ ቢቻል ከዚያ በለጥ ያለ። 75 ኪሎ ለሆነ ሰው 80 ሊትር አካባቢ የሆነ ባለ 8 ጫማ ቦርድ፣ ማለትም 2 ሜትር ከ44፣ ይመቸዋል። ከ90 ኪሎ በላይ ከሆናችሁ 9 ጫማ ፈልጉ። ለልጆች 6 ወይም 7 ጫማ ይበቃል።

አጭሩ እንደሚያምር አውቃለሁ። ግን ረጅምና ሰፊ ቦርድ በእጅ ሲቀዘፍ ይፈጥናል፣ ማዕበሉን ቀድሞ ይይዛል፣ ስትቆሙበትም አይወዛወዝም። አጭር ቦርድ ይዞ ሲቀዝፍ ውሎ አንድም ማዕበል ሳይዝ የሚመለስ ሰው ሳንታ ሞኒካ ሞልቷል። ቴል አቪቭ ያላችሁ ደግሞ፣ የሜዲትራኒያን ማዕበል ብዙውን ጊዜ ቅርብ ያለ ንፋስ የሚያነሳው፣ ጉልበቱም ትንሽ ስለሆነ፣ ሊትር ላይ ጨርሶ አትሰስቱ። (እዚያ ሰርፍን ያስጀመረው ዶሪያን ፓስኮዊትዝ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1956 ቦርዱን ይዞ ሄዶ።)

እግር ላይ የሚታሰረው ገመድ፣ ሊሽ የሚሉት፣ ከቦርዱ እኩል ይርዘም። ክንፎቹ ለመጀመሪያው ጊዜ ለስላሳ ፕላስቲክ ይሁኑ።

ደረጃ 3፦ አሸዋ ላይ ተለማመዱ

የትኛው እግራችሁ ፊት እንደሚሆን ለማወቅ ቤት ውስጥ ካልሲ አድርጋችሁ ልሙጥ ወለል ላይ ተንደርድራችሁ ተንሸራተቱ። ሳታስቡት ያስቀደማችሁት እግር እሱ ነው። ሊሹ የኋላኛው ላይ ይታሰራል።

ባሕሩ ዳር ክንፎቹ እንዳይሰበሩ አሸዋውን ቆፈር አድርጉና ቦርዱን አስተኙት። መሃሉን ይዛችሁ በሆዳችሁ ተኙ። መዳፋችሁ ከጎድናችሁ አጠገብ ቦርዱ ላይ ይረፍ፤ ጠርዙን አትጨብጡ። ደረታችሁን ቀና አድርጉና በአንድ ጊዜ ብድግ፦ የኋላው እግር ጭራው አካባቢ፣ የፊቱ ደረታችሁ ከነበረበት በታች፣ ሁለቱም መሃለኛው መስመር ላይ አግድም። ጉልበት እጥፍ፣ ዓይን ወደ ፊት። እግራችሁን ካያችሁ ትወድቃላችሁ። በጉልበት ተንበርክኮ መነሳት ይቀላል፣ ግን አትልመዱት። ከለመዳችሁት በኋላ መተው ጭንቅ ነው።

ደረጃ 4፦ ወደ ውሃው

ዋና የማትችሉ እዚህ ላይ ቁሙና መጀመሪያ ዋና ተማሩ። ሊሽ ይበጠሳል፣ ቦርድ ይሄዳል፤ ያኔ ያላችሁት እጅና እግራችሁ ብቻ ነው።

ማዕበሉ ከጉልበት እስከ ወገብ የሆነበትን፣ ንፋሱ ገና ያልተነሳበትን ጠዋት ምረጡ። የሕይወት አድን ሠራተኞች ያሉበት ቦታ ግቡ። መሃሉ ላይ ጥቁር ክብ ያለበት ቢጫ ባንዲራ ከተሰቀለ ሰርፍ ክልክል ነው። የካሊፎርኒያ ውሃ ፎቶው ላይ እንደሚያምረው ሞቃት አይደለም፤ ከበጋው አጋማሽ ውጭ ዌትሱት፣ ሙቀት የሚጠብቀውን የላስቲክ ልብስ፣ ልበሱ። ባሕሩ ውስጥ የገባ የእንጨት ድልድይ፣ ፒር፣ አጠገብ ፈጽሞ አትጋልቡ። ኒክ ጋባልዶን፣ በዚያን ጊዜ ጥቁሮች ይዋኙበት ከነበረው የሳንታ ሞኒካ ዳርቻ ተነስቶ እስከ ማሊቡ በቦርዱ እየቀዘፈ ይሄድ የነበረው ጎበዝ ሰርፈር፣ እ.ኤ.አ. በ1951 የሞተው ከማሊቡ ፒር ጋር ተጋጭቶ ነው።

መጀመሪያ ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ሆናችሁ፣ ማዕበሉ ተሰብሮ ነጭ አረፋ ሆኖ ሲመጣ ያዙት። ቦርዱን በእናንተና በማዕበሉ መካከል በጭራሽ አታድርጉ፤ ተመልሶ ይመታችኋል። ለስላሳ ነው ብላችሁ አትዘናጉ፣ 8 ጫማ ቦርድ ከነውሃው ግፊት ጥርስ ያወልቃል። ስትወድቁም ራሳችሁን በእጃችሁ ሸፍናችሁ ውጡ።

አተኛኘታችሁ ሁሉንም ይወስናል። ወደ ፊት ካበዛችሁ አፍንጫው ውሃ ውስጥ ይሰምጥና ትገለበጣላችሁ፤ ወደ ኋላ ካበዛችሁ ቦርዱ ይቆማል፣ ማዕበሉም ጥሏችሁ ያልፋል። አፍንጫው ከውሃው በላይ ጥቂት ጣት ከፍ ያለበትን ልክ ስታገኙ አገጫችሁ ያረፈበትን ቦታ ቦርዱ ላይ በዋክስ፣ እግር እንዳያዳልጥ ቦርድ ላይ በሚቀባው ሰም፣ አስምሩ። ከዚያ በኋላ ሁሌ እዚያችው ምልክት ላይ ነው የምትተኙት።

ወደ ጥልቁ፣ ገና ወዳልተሰበረው ማዕበል ስትሄዱ ደንብ አለ። ማዕበሉ ከሚሰበርበት ቦታ የቀረበው ሰው ባለ ተራ ነው፤ ፊቱ ገብታችሁ አትነሱ። ትልቅ ማዕበል ከመጣባችሁ ሶፍት ቶፕ ከሥሩ ተጭኖ አይገባም፣ በጣም ይንሳፈፋል። ጠርዙን ጥብቅ አድርጋችሁ ይዛችሁ ከነቦርዱ ተገልበጡ፣ ይለፍ፣ ተመለሱ። ውሃው ወደ ውስጥ እየሳበ ከወሰዳችሁ ቦርዱን አትልቀቁ፤ ከዳርቻው ጎን ለጎን ቅዘፉ እንጂ ከውሃው ጋር አትታገሉ።

ደረጃ 5፦ ለለመዱ

ያልተሰበረ ማዕበል ይዛችሁ ወደ ግራም ወደ ቀኝም መታጠፍ ከቻላችሁ፣ ያኔ 6 ወይም 7 ጫማ ሶፍት ቶፕ አስቡ። ላዩ ለስላሳ ሆኖ ውስጡ ፋይበርግላስ የተለበጠ አለ። ውድ ነው፣ ግን አይተጣጠፍም። ፕላስቲክ ክንፎቹንም በጠንካራ ቀይሩ፤ ልዩነቱን በመጀመሪያው መታጠፊያ ታዩታላችሁ።

ደረጃ 6፦ አያያዝ

የሶፍት ቶፕ ጠላት ሙቀት ነው። በር የተዘጋ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ከተዋችሁት ውስጡ ያለው አየር ይለጠጥና ላዩ እንደ እንጀራ ዓይን ያወጣል። አይመለስም። ከተበሳ በደንብ አድርቁትና ውሃ በማያስገባ ማጣበቂያ ድፈኑት፣ እስከዚያው ውሃ አታስነኩት። ከባሕር ስትወጡ በንጹሕ ውሃ ታጠቡት። መኪና ጣሪያ ላይ ስትጭኑ ክንፎቹ ወደ ላይ፣ ጭራው ወደ ፊት ይሁን፤ ቀበቶውን ቦርዱ እንዳይነቃነቅ ያህል ብቻ ሳቡ። አጥብቃችሁ ከጎተታችሁት ጠርዙ ላይ የሚቀረው ጠባሳ አይነሳም።